ከውጭ የመጣ ሰው ቤታችን ሲገባ፦ የ21 ቀን ክትትል በደብተርና በቴርሞሜትር

ቦሌ ላይ ወደ ግንባራችን የሚነጣጠረው የሙቀት መለኪያ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያች ደቂቃ ትኩሳት ያለበትን ሰው። ከነገ ወዲያ የሚያተኩሰውን አያይም። አውሮፕላን ውስጥ ፓራሲታሞል የዋጠውንም አያይም።

የምሠራው ከአዲስ አበባ ዳር ባለ ጤና ጣቢያ ነው። ሥራዬ የበሽታ ቅኝት ነው። ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ በሚወስደው መስመር ከውጭ ሰው የማይገባበት ሳምንት የለም። ከጂዳ፣ ከቤሩት፣ ከዱባይ የሚመለሱ ልጆች አሉ። ከጂቡቲ ኮንቴይነር ጭነው የሚመጡ ሹፌሮች አሉ። ጁባ ነግደው የሚመለሱ አሉ።

ኮሮና ወደ አገራችን ሲገባ የሆነውን አስታውሱ። የመጀመሪያው ታማሚ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። የገባው የካቲት 25 ቀን 2012 ነው። መያዙ የተነገረው መጋቢት 4 ነው። መሃሉ ዘጠኝ ቀን ነው። ያኔም ቦሌ ላይ ሙቀት ይለካ ነበር። እንዲህ ያሉትን ቀናት የሚያየው ቤተሰብ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ የሰፈር ጤና ጣቢያ ነው። ይህ መመሪያ ለእነሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ደብተር ክፈቱ

ማንኛውም የተማሪ ደብተር ይበቃል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስም፣ ዕድሜና ስልክ ጻፉ። ቀጥሎ የነበረበትን አገር ጻፉ። ትራንዚት ያደረገበትንም አትርሱ። ሰው "ከቤሩት ነው የመጣሁት" ይላል እንጂ መሃል ላይ ሌላ አየር ማረፊያ አሥር ሰዓት ወንበር ላይ ተኝቶ ማደሩን አይቆጥረውም።

ቦርዲንግ ፓሱን አትጣሉት። ደብተሩ ውስጥ በፕላስተር ለጥፉት። የበረራ ቁጥርና የወንበር ቁጥር አለበት። እንደ ሳንባ ነቀርሳ ባለ በሽታ፣ በረዥም በረራ ላይ፣ መጀመሪያ የሚፈለጉት ታማሚው የተቀመጠበት ረድፍ፣ ሁለት ረድፍ ከፊትና ሁለት ረድፍ ከኋላ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንበሩን የሚያስታውስ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ያቺ ወረቀት ግን ታስታውሳለች።

ሹፌር ከሆነ ቦርዲንግ ፓስ የለውም። ስለዚህ በጋላፊ ወይም በደወሌ የገባበትን ቀን ጻፉ። የት የት እንዳደረ ጠይቁት። መኪናው ውስጥ መስኮት ከፍቶ ነው የተኛው ወይስ አልጋ ይዞ? አጎበር ነበረው?

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጋ ደርሰናል። ቀን አቆጣጠር። ፓስፖርት ላይ ያለው ማኅተም በፈረንጅ ነው፣ እኛ ቤት የምንቆጥረው በኢትዮጵያ ነው። ማኅተሙ ላይ ያለው 3ኛ ወር ማርች ነው። የእኛ 3ኛ ወር ኅዳር ነው። ትኬቱ ላይ 20:30 የሚለው በእኛ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ ምክንያት የአንድ ሰው ክትትል በስድስት ቀን ተዛብቶ አይቻለሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ። ለምሳሌ "10 ጃንዋሪ 2025 / ጥር 2 ቀን 2017"። ከዚያ ግድግዳችሁ ላይ ባለው ካላንደር ቀኑን አክብቡ። ቆጠራው የሚጀምረው በሽታው ካለበት ቦታ ከወጣበት ቀን ነው። ያ ቀን ዜሮ ነው። ማግስቱ ቀን 1 ይባላል።

ቀጥሎ ጥያቄዎቹ ይመጣሉ። እነዚህን ቡና ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ አትጠይቁ። ለብቻ ነው። የታመመ ሰው አስታመህ ነበር? ቀብር ላይ ተገኝተህ ሬሳ ነክተሃል? ዋሻ ወይም የማዕድን ጉድጓድ ገብተሃል? እንደ ኢቦላ ገዳይ የሆነው የማርበርግ ቫይረስ እዚያ የሚኖሩ የሌሊት ወፎች ውስጥ ስለሚገኝ ነው የምንጠይቀው። ከግመል ጋር ተገናኝተሃል? ያልተፈላ የግመል ወተት ጠጥተሃል? ይህ እ.ኤ.አ. በ2012 ሳውዲ ላይ መጀመሪያ ለተገኘው፣ መርስ ለሚባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ ነው። ብዙ ሰው የታጎረበት እስር ቤት ወይም ካምፕ ቆይተሃል? በየመን በኩል የተመለሱ ልጆች ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ዝም ይላሉ። አትጫኗቸው። አንዳንዱ መልስ በሦስተኛው ቀን ነው የሚመጣው።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱንም እዩ። ካርዱ ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው የሚጸናው። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ማኅተሙ ከጉዞው አንድ ቀን በፊት የተመታ ከሆነ ያ ሰው በሄደበት ጊዜ አልተጠበቀም ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ በመጣበት አገር ምን እንዳለ እወቁ

ይህ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ወረርሽኞች የሚያወጣውን ዜና ክፈቱና የአገሩን ስም ፈልጉ። የአፍሪካ ሲዲሲም (የአፍሪካ የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል) አለ። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ ነው። ለአገር ውስጡ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን ተከታተሉ። ትንሽ እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ከየአገሩ የወረርሽኝ ወሬ የሚለጠፍበትን፣ ፕሮሜድ የሚባለውን ገጽ ያሳያችኋል። የውሃኑ የሳንባ ምች ወሬ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 30 ቀን 2019 ላይ እዚያ ወጥቶ ነበር። ብዙዎቻችን ከመስማታችን በፊት ማለት ነው።

ቲክቶክ ላይ ያያችሁትን ቪዲዮ ደብተሩ ላይ አትጻፉ። አገር፣ በሽታ፣ ቀን፣ ማን እንዳለው። እነዚህ አራቱ ከሌሉ ወሬ ነው።

አደጋው በቦሌ ብቻ እንደሚመጣም አታስቡ። የዝንጀሮ ፈንጣጣ ይባል የነበረው ኤምፖክስ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተረጋገጠው ሞያሌ ላይ ነው። ማርበርግ ደግሞ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ጂንካ ላይ ተገኘ። ስለዚህ "ከየት መጣህ?" የሚለው ጥያቄ ከክፍለ ሀገር ለመጣም ዘመድ ይሠራል።

ደረጃ 3፦ ጠዋትና ማታ ለኩ

ከፋርማሲ ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዙ። የመስታወቱን ተዉት። ሲሰበር ሜርኩሪው ሌላ ጣጣ ነው።

ጠዋት ቡና ሳይጠጣ፣ ማታ ከእራት በፊት። ብብቱን በፎጣ አድርቁ። ጫፉ ቆዳውን ይንካ፣ ክንዱን ደረቱ ላይ ያጥብቀው። ጢጥ እስኪል አትንኩት። 37.5 እና ከዚያ በላይ በብብት ትኩሳት ነው። አጠገቡ የሚሰማውን ጻፉ። ራስ ምታት፣ ተቅማጥ፣ ሽፍታ፣ ሳል። መድኃኒት ወስዶ ከሆነ ሰዓቱን ጭምር ጻፉ። ፓራሲታሞል ከዋጠ በኋላ የተለካ 36.8 ምንም አይነግረንም።

አንድ ጥሩ መስመር ይህን ይመስላል፦ "ቀን 6። ጠዋት 36.4። ማታ 38.1። ብርድ ብርድ ይላታል። ከወገቧ በታች ይቆረጥማታል። መድኃኒት አልወሰደችም።" ይህን የጻፈችው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከቤሩት ለተመለሰች እህቷ። ሐኪሙ ደብተሩን ሲያይ "ማነው የጻፈው?" ብሎ ነው የጀመረው። ከዚያ በኋላ የጠየቀው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነበር። ሌላው እዚያው ላይ አለ።

በእነዚህ ቀናት ሰውየው ምንም ካልተሰማው መደበቅ ወይም ክፍል መቆለፍ የለበትም። ይብላ፣ ይጫወት፣ ደጅ ይውጣ። ለይቶ መቆየት የሚያስፈልገው ጤና ባለሙያ ሲያዝ ነው፣ ወይም ምልክት ሲታይ ነው። ልዩነቱን ለእናቶቻችን ደጋግማችሁ አስረዱ። ሁለቱ ሲደባለቁ ሰው መደበቅ ይጀምራል።

ደረጃ 4፦ ቀኑን አንብቡ

ቀኑ ራሱ ይናገራል። ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ የሥራዬ ክፍል ይህ ነው።

በሽታ ሁሉ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚቆይበት ጊዜ አለው። ኮሌራ ቸኩሎ ነው የሚመጣው፣ ከጥቂት ሰዓት እስከ 5 ቀን። ቢጫ ወባ ከ3 እስከ 6 ቀን። ትንኝ የምታስተላልፈው ደንጊ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ቀን ሲሆን እስከ 14 ሊሄድ ይችላል። ኮሮናና መርስ እስከ 14 ቀን። ኩፍኝ ሽፍታው የሚወጣው ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት አካባቢ ነው። ኢቦላ፣ ማርበርግና ኤምፖክስ እስከ 21 ቀን ይቆያሉ። 21 የምትለው ቁጥር የመጣችው ከዚህ ነው።

ስለዚህ በቀን 18 የጀመረ ትኩሳት ደንጊ የመሆን ዕድሉ ወድቋል። በቀን 25 የጀመረ ትኩሳት ኢቦላና ማርበርግን ከዝርዝሩ ያወጣል። ወባን ግን አያወጣም። ወባ ትንኝ ከነከሰች ቢያንስ ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፣ ከዚያ በኋላ ግን በወርም በወራትም ሊመጣ ይችላል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሰውየው እዚያ አገር ለሦስት ወር ከኖረ፣ በደረሰ በሁለተኛው ቀን ቢያተኩሰውም ወባ ሊሆን ይችላል። የተነከሰው እዚያ እያለ ነዋ። ለዚህ ነው የሄደበትንም የተመለሰበትንም ቀን የምንጽፈው።

ደረጃ 5፦ ትኩሳቱ ሲመጣ

አንድ ሹፌር ልንገራችሁ። አርባዎቹን አጋማሽ ያለፈ ሰው ነው። ከጂቡቲ ተመልሶ አሥረኛው ቀን ላይ አተኮሰው። ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ሄደ። ደም ሰጠ፣ "ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ" ተባለ። ሲፕሮ ተሰጠው፣ መርፌም ተወጋ። አምስት ቀን ዋለ አደረ። እኛ ጋ ሲመጣ ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ጋሼ፣ ሥራዎት ምንድን ነው?" አልኩት።

"ሹፌር ነኝ።"

"የት የት ይሠራሉ?"

"ጂቡቲ ነዋ! ሌላ የት አለ?"

ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን የጠየቀው አልነበረም። እኛ ያለንበት ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ትኩሳት ሲባል ወባ ቶሎ አይታሰብም። ፈጣን ምርመራው ኔጌቲቭ አለ። የላቦራቶሪ ባልደረባዬ ግን ስላይድ ሠርታ በማይክሮስኮፕ ቆጠረች። ወባ ነበር። አደገኛው ዓይነት።

ይህ እንዲሁ የሆነ ነገር አይደለም። አኖፌሌስ ስቴፈንሳይ የምትባል የከተማ ትንኝ አለች። በርሜልና ታንከር ውስጥ ትራባለች። ጂቡቲ ላይ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በዚያ ዓመት ጂቡቲ የመዘገበችው 27 የወባ ታማሚ ብቻ ነበር። በ2020 ከ73 ሺህ በላይ ደረሰ። እኛም ጋ ድሬዳዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ወረርሽኝ አስነስታለች። በዚያ ላይ በአፍሪካ ቀንድ አንዳንዱ የወባ ተውሳክ ፈጣን ምርመራው የሚፈልገውን ፕሮቲን አያመርትም። ተውሳኩ እያለ ኪቱ "የለም" ሊል ይችላል። ስለዚህ ኪቱ ኔጌቲቭ ብሎ ትኩሳቱ ከቀጠለ "በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ" በሉ። በማግሥቱም ይደገም። ይህን ለመጠየቅ አትፈሩ፣ መብታችሁ ነው።

አሁን ቅደም ተከተሉ። መጀመሪያ ደውሉ። 8335 የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ 952 ጤና ሚኒስቴር፣ ሁለቱም በነፃ ናቸው። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ካርድ ክፍል ወረፋ ላይ ከመቆማችሁ በፊት ትሪያጅ (ታማሚ መጀመሪያ የሚታይበትና የሚለይበት ቦታ) ላይ ላለችው ነርስ አንድ ዓረፍተ ነገር ንገሯት፦ "ከጂቡቲ ከመጣሁ አሥር ቀኔ ነው፣ አተኩሶኛል።" አገር፣ ቀን፣ ምልክት። ማውራት ካቃተው በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት።

ማስክ አድርጉለት። ከሰው ጋር ተጨናንቆ በታክሲ አይሂድ። ለምርመራ ደም ሳይሰጥ አንቲባዮቲክ አታስጀምሩ። እግር፣ ዓይንና መገጣጠሚያ የሚቆረጥም ትኩሳት ከሆነ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ይቅሩ። ደንጊ ከሆነ ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል።

ድድ ወይም አፍንጫ ከደማ፣ ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ አንገት ካልታጠፈ፣ ከዘባረቀ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ቤት አይደር። አምቡላንስ ጥሩ። ከሚደማ ታማሚ ላይ የወጣ ማንኛውንም ነገር በባዶ እጅ አትንኩ። እንደ ሩዝ ውኃ የነጣ ተቅማጥ ከሆነ መኪና እስኪመጣ ኦ አር ኤስ እየሰጣችሁ ጠብቁ። አንድ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ።

ደረጃ 6፦ ንክኪዎችን መዝግቡ

ከውጭ የመጣ ሰው ቤት የመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ሻንጣው ሳይከፈት ብሎኩ ሁሉ ይገባል። ሦስት አራት ጊዜ ይሳሳማል። አንድ ትሪ ላይ ይበላል። ጉርሻ አለ። ሕፃናት የመጣው ሰው ጭን ላይ ይቀመጣሉ። ይህን አትከልክሉ፣ ናፍቆት ነው። ግን ማታ ላይ ቁጭ ብላችሁ የመጡትን ጻፉ። ንክኪ የምንለው እነሱን ነው።

ዝርዝሩን በሦስት ክፈሉት። አብሮ የሚያድር፣ አብሮ የበላ ወይም ያስታመመ፣ ገብቶ ሰላም ብሎ የወጣ። ስልክና የመጨረሻ የተገናኙበት ቀን ጎኑ ላይ ይግባ። በሽታው ከተረጋገጠ የእያንዳንዱ ሰው 21 ቀን የሚቆጠረው ከታማሚው ጋር ከተገናኘበት የመጨረሻ ቀን ነው። ስለዚህ የጎረቤት ቆጠራ ከቤተሰቡ ቆጠራ ይለያል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ዝርዝር የሚበላሸው።

ይህ አሰልቺ ሥራ አገር አድኗል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2014 አንድ መንገደኛ ኢቦላ ይዞ ሌጎስ ገባ። ያን የሚያህል ከተማ ውስጥ። ናይጄሪያውያን 894 ንክኪዎችን መዘገቡ። ወደ 18,500 ጊዜ ቤት ለቤት ሄደው አዩዋቸው። በጠቅላላው 20 ሰው ታመመ፣ 8 ሞቱ። በኦክቶበር 20 ናይጄሪያ ከኢቦላ ነፃ ተባለች። በር አንኳኩቶ "ዛሬ እንዴት አደራችሁ?" ማለት ነው ሥራው።

ደረጃ 7፦ ሪፖርቱ እንዳይጠፋ

ከባድ በሽታ ሲጠረጠር ጤና ጣቢያው በ30 ደቂቃ ውስጥ ለወረዳው ማሳወቅ አለበት። ከዚያ ወደ ላይ ይሄዳል። ለዓለም ጤና ድርጅት የሚነገር ከሆነ አገሪቱ ጉዳዩን በመዘነች በ24 ሰዓት ውስጥ ነው። ምርመራው እስኪረጋገጥ አይጠበቅም። ጥርጣሬ ይበቃል።

የከተማ ዳር ችግር ግን ወሰን ነው። ሰውየው የሚያድረው ሸገር ከተማ ነው፣ የሚሠራው አዲስ አበባ ነው፣ የታከመው ሌላ ክፍለ ከተማ ነው። ሦስቱም "የእነዚያ ነው" ብለው ሊተዉት ይችላሉ። ስለዚህ ለሁለቱም ወገን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ደውሉ። የደወላችሁበትን ሰዓትና ያነሳውን ሰው ስም ጻፉ።

አድራሻም እንዲሁ። "ኮንዶሚኒየም አካባቢ" አድራሻ አይደለም። የሳይቱ ስም፣ ብሎክ ቁጥር፣ ቤት ቁጥር፣ ቅርብ ያለው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ባጃጅ የሚቆምበት ቦታ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ብሎክ ስፈልግ መብራት ጠፍቶ አርባ ደቂቃ ዞሬ አውቃለሁ። ታማሚዋ እዚያው ነበረች፣ መስኮት ላይ ሆና እያየችኝ።

ደረጃ 8፦ ሰውን አታሳቅቁ

ይህን ከሁሉም በላይ ከልቤ ነው የምለው። ከጂዳ የተመለሰች ልጅ ነበረች። ደረቅ ሳል ነበራት። አንድ ሰው የብሎኩ ቴሌግራም ላይ ስሟን ጻፈ። በማግሥቱ የእናቷን ሱቅ የሚረግጥ ጠፋ። ልጅቷ ለሁለት ሳምንት በር ዘጋች፣ እኛም ስንደውል አላነሳችም። ሳሏ ምን እንደነበር ያወቅነው ዘግይተን ነው። ሳንባ ነቀርሳ። ታክማ ድናለች። ያ ሁለት ሳምንት ግን ታናሽ ወንድሟ አብሯት በአንድ ክፍል ያደረበት ነበር።

ስለዚህ ደብተሩ የሚቀመጠው አንድ ሰው ጋ ይሁን። ስም ግሩፕ ላይ አይወጣም። የእድር ሰብሳቢ ከሆናችሁ "እንትና ቤት አትግቡ" አትበሉ። "ያተኮሰው ካለ ቶሎ ይንገረን፣ አብረን ነው የምንሄደው" በሉ። ለታመመው ምግብ በር ላይ አድርሱ። ለቀን ሠራተኛ ከሥራ መቅረት ማለት አለመብላት ነው፣ እድሩ ይህን ሊሸፍን ይችላል። እኛ አካባቢ ሁለት እድሮች አድርገውታል። እነሱ ጋ ትኩሳት የሚደብቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

ቀን 22 ላይ

ምንም ካልታየ መጨረሻው መስመር ላይ "ተጠናቀቀ" ብላችሁ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ለንክኪዎቹ ደውላችሁ ንገሩ፣ ሲጨነቁ የነበሩ አሉ።

ደብተሩን ግን አትጣሉት። ቪቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሳል። ሳንባ ነቀርሳም ጊዜ ይወስዳል። ለአንድ ዓመት ቁምሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። በመሃል ባተኮሰው ቁጥር ይዞት ይምጣ፣ ትሪያጅ ላይም የመጀመሪያውን ገጽ ገልጦ ያሳይ።